የላስቲኩ ሌላኛው ጫፍ

ዳኛቸው ጀልባዋን ከሐይቁ ዳር ከበቀለው ደንገል ጥግ አስጠግቶ አሰራት፤ ውሃው ከወገብ የማያልፍበት፣ ጭቃው ግን ጫማ የሚያስቀርበት ቦታ ነው። ምሳውን በልቷል፣ ማስቲሹን ከፍቷል፣ ሙቅ ውሃ በሳፋ አጠገቡ አስቀምጧል። የጀልባዋን ከንፈር ዙሪያውን የሚከብበው ጥቁር የቪኒል ጠርዝ፣ የጣና ዳር ሰው በደፈናው «ላስቲኩ» የሚለው፣ ከመሀል እስከ ኋላ ተገሽልጦ እንደ ተቀደደ የካፖርት ገበር ከተንጠለጠለ ወራት አልፎታል። ነገ ተሳላሚዎችን ወደ ደሴቱ ገዳም ይወስዳል። እትዬ የሽሐረግም የልጃቸውን የፈንታሁንን ተዝካር እዚያ ሊያወጡ ይሄዳሉ። ወደቡ በጀልባ ተሞልቶ ሳለ የመረጡት የእሱን ነው።

የወደቡ ዘበኛ ጋሽ ውዱ ዱላቸውን ተደግፈው ሲያዩት ቆዩ።

«ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ይሄ እኮ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ይወጥራል፣ አንዱ ይመታል። ወይስ በጥርስህ ልትይዘው ነው?»

«እሞክራለሁ፣ ጋሼ።»

«ሞክር። ጥርስህም ብዙ አይደለም» አሉና ዝናቡ ሳይደርስባቸው ወደ ጎጇቸው ሄዱ።

እውነታቸውን ነው። ላስቲኩ ሙቅ ውሃ ካልነካው አይለጠጥም፤ ሲለጠጥ ደግሞ ጫፉን የሚይዝ ሰው ከሌለ ተመልሶ ይሰበሰባል። ሥራውን ሁልጊዜ ከፈንታሁን ጋር ነበር የሚሠሩት። ፈንታሁን ከኋላ በኩል ውሃው ውስጥ ቆሞ ይወጥራል፣ ዳኛቸው ከላይ ተንበርክኮ በጎማ መዶሻ እየመታ ወደ እሱ ይመጣል። ዳኛቸው ከዘገየ ፈንታሁን ላስቲኩን አንዴ ሳብ ያደርጋል፤ ቀጥል ማለቱ ነው።

በክረምቱ መግቢያ፣ ተሳላሚ አድርሰው ባዶ ሲመለሱ ማዕበል ያዛቸው፣ ፈንታሁንም ከኋላ ወደቀ። ዳኛቸው ወደብ ሲደርስ ለሰው ሁሉ የነገረው አንድ ነገር ነው፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ ነፋሱ ይጮሃል፣ ምንም አልሰማሁም፣ ዞር ስል የለም። አስከሬኑ አልተገኘም። ላስቲኩ በምን እንደተገሸለጠም ማንም አልጠየቀም። እትዬ የሽሐረግ ለቅሶው ላይ ጉንጩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «አንተ ምን ታደርግ፣ ልጄ፤ ሞተሩ ነው» ብለውታል። ከዚያ ወዲህ ሞተር ባስነሳ ቁጥር ጉንጩ ይሞቀዋል።

በጣሳ ሙቅ ውሃ እያፈሰሰ መምታት ጀመረ። ደመናው ከደሴቶቹ በኩል ወርዶ ከሰዓቱን አመሻሽ አስመሰለው፤ የማስቲሹ ሽታ ከቤንዚኑና ከበሰበሰው ደንገል ሽታ ጋር ተጋብቶ ጉሮሮው ላይ ተቀመጠ፤ ከመዶሻው በቀር የሚሰማው ከጭቃው እየወጣ የሚፈነዳው አረፋ ብቻ ነበር። ላስቲኩ መጀመሪያ እየተሰበሰበ አስቸገረው። ኋላ ግን ተስተካከለለት። ሙቅ ውሃው ነው አለ። ብርዱ ነው አለ። ሁለቱም ሊሆን እንደማይችል ሲገባው መዶሻውን አቆመ።

ላስቲኩ ተወጥሯል። ከእጁ ተነስቶ በጀልባዋ ጎን እየሄደ፣ ከኋላዋ ታጥፎ ዓይኑ እስከማይደርስበት ድረስ እንደ ክራር ጅማት ቀጥ ብሏል።

አንዴ ሳብ አለ።

ዳኛቸው ቀጠለ። መዶሻ የያዘ ሰው ከመሮጥ መምታት ይቀለዋል መሰል። ሲመታ ይወጠርለታል፣ ሲያቆም ሳብ ይላል፣ ልክ እንደ ድሮው፣ ያለ ቁጣ፣ እንዲያውም በትዕግሥት፤ ከፍርሃቱ ይልቅ ያላስቻለው ይሄ ትዕግሥት ነው። የኋላው ጥግ ላይ ሲደርስ አንድ ክንድ ያህል ብቻ ቀረው። ከጠርዙ ሥር ጭቃ ጭቃ የሚሸት ውሃ እየወጣ በነጩ ቀለም ላይ ይወርዳል። ጎንበስ ቢል ያይ ነበር። አላለም።

መዶሻውን አስቀመጠ።

«ፈንቴ» አለ። የገዛ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። «እናትህ ነገ እዚህ ይቀመጣሉ። እኔ ሰምቼህ ነበር። ስሜን ስትጠራ ሰምቻለሁ፤ ላስቲኩን ይዘህ እንደነበረም አውቃለሁ። ብዞር እንገለበጣለን ብዬ ፈራሁ። ይቅር በለኝ።»

ላስቲኩ ረገበ። እጁ ላይ ለስልሶ፣ ቀልሎ ወደቀ። አረፋውም ቆመ። ዳኛቸው ከስንት ጊዜ በኋላ ትንፋሹን እስከ ሆዱ ድረስ ሳበ፤ ነገ ከእትዬ የሽሐረግ ፊት ለፊት ተቀምጦ እንኳ ሞተሩን ማስነሳት የሚችል መሰለው።

ያኔ ከሥሩ፣ ከውሃው መስመር ላይ፣ ፈንታሁን እንደ ድሮው ዝግ ባለ ድምፅ፣ «እኔ እኮ አልሰማኸኝም ብዬ ነበር ሳግዝህ የቆየሁት» አለው።