የተላጠው ጥቁር ቴፕ

የፊዚክስ አስተማሪዋ ሬዲዮ ሠሪውን ያወቀችው የአባቷን ሬዲዮ ልታሠራ ሄዳ ነው። ሬዲዮው በማግስቱ ተሠራ፤ እሷ ግን ሰበብ እየፈለገች ሱቁ መመላለሷን አላቆመችም። በመጨረሻ እውነተኛ ሰበብ አገኘች።

«ከሰማይ የሚወርዱ የማይታዩ ጨረሮች አሉ» አለችው። «አሁን እንኳ በእጅህ ውስጥ እያለፉ ነው። የሚቆጥራቸው መሣሪያ ግን ዋጋው አይቀመስም። ለተማሪዎቼ በርካሽ ትሠራልኛለህ?»

መዳፉን ገልብጦ አየው። «ሳያስፈቅዱኝ ነው የሚያልፉት?»

ከአሮጌ ሬዲዮ ዕቃ ሳጥን ሠራላት። ውስጡ ያለው ፕላስቲክ ጨረር ሲያልፍበት ብልጭ ይላል፤ ሳጥኑ ያንን ብልጭታ አይቶ ጠቅ ይላል። ፕላስቲኩን በጥቁር ቴፕ ደጋግሞ ጠቀለለው።

«አደራሽን ቴፑን እንዳትነኪው። የውጭ ብርሃን ከገባ ያብዳል።»

«እሺ ጌታዬ!»

ነካችው። ቤቷ ወስዳ ስታገላብጠው የእጁን ሥራ ከውስጥ ለማየት ጓጓችና ጠርዙን በጥፍሯ ላጥ አደረገችው። መልሳ ተጫነችውና ረሳችው።

ሳጥኑ በትምህርት ቤቱ በሚታይበት ቀን እንግዶች መጡ። ከወደዱት ሬዲዮ ሠሪው ለሌሎች ትምህርት ቤቶችም እንዲሠራ ሊያዙት ነው። ሥራው ከተሳካ ለርዕሰ መምህሩ፣ ማለትም ለአባቷ፣ እሷና ሬዲዮ ሠሪው ስለ ፍቅራቸው ሊነግሯቸው ተስማምተዋል።

ሳጥኑ መስኮቱ አጠገብ እንደ ጉድ ተንጫጫ። ተጨበጨበ። አንዱ እንግዳ ሊያየው ሲያጎነብስ ግን ጥላው አረፈበትና ጩኸቱ ረገበ። ቀና ሲል ተንጫጫ፤ ሲያጎነብስ ረገበ።

«ይሄ እኮ የሚቆጥረው የመስኮቱን ፀሐይ ነው!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አስተማሪዋ ወዲያው ገባት፤ ፊቷ ነደደ። ሬዲዮ ሠሪው የተላጠውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ዳበሰና አየት አደረጋት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «በደንብ አልጠቀለልኩትም።»

«ይሄን ቀጣፊ ነው ያመጣሽብን?» አሏት አባቷ።

አንገቷን ደፋች። ሬዲዮ ሠሪው ሳጥኑን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሲወጣም ቀና አላለችም።

ከዚያ ወዲህ በሱቁ በኩል ማለፍ አቃታት። ቴፑን መላጧን ልጅነት ነው ብላ ልታልፈው ትችል ነበር፤ ዝምታዋን ግን በምን ትለፈው? ባሰበችው ቁጥር ብቻዋን ሆና እንኳ ታፍራለች።

በመምህራን ስብሰባ ላይ አባቷ በ«ቀጣፊው» ሲቀልዱ ተነሣች።

«ሳጥኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አትንኪ ያለኝን ነካሁ። እኔን ላለማዋረድ ብሎ ጥፋቴን ሲወስድልኝ ዝም አልኩ። ደግሞም እወደዋለሁ፣ አባዬ።»

ስብሰባ ላይ «አባዬ» ብላቸው አታውቅም። አባቷ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ያዙ።

ከስብሰባው በቀጥታ ሱቁ ሄደች።

«አውቀህ ነበር አይደል?»

«ጥፍርሽ ቴፑ ላይ ታትሟል» አለ ከሥራው ሳይነሣ።

«ዛሬ ተናገርኩ። አባቴም ባለበት፣ ሁሉም ባሉበት።»

እጁ ቆመ። «ቆየሽብኝ» አላት። ድምፁ ውስጥ ቅያሜ ነበረ። ከዚያ የቴፑን ጥቅልል ወደ እሷ ገፋው። «በይ፣ አሁን አንቺ ጠቅልይው።»

ጠቅልላ ሳትጨርስ አባቷ ሬዲዮአቸውን ታቅፈው በሩ ላይ ቆሙ። ሁለቱንም ቀጥ ብለው አላዩም።

«ድምፁ ትንሽ… እንጃ» አሉ።

ሬዲዮ ሠሪው ከፈተው። ጥርት ብሎ ይናገራል።

«ምንም አልሆነም እኮ፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ» አሉ አባቷ፣ ወንበር እየሳቡ። «እስቲ ያንን ሳጥን አሰሙኝ።»