በረመዳን የተጠጣ ውሃ

ኢቲዳል ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ቧንቧ ሥር አጎንብሳ ስትጠጣ ይህ አራተኛዋ ነው፤ የእረፍት ደወል እንኳ ገና አልተደወለም። ረመዳን ከገባ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖታል። አሥራ ሁለቱንም ቀን ጠጥታለች። አሥራ ሁለቱንም ማታ ደግሞ እናቷ ፊት ተቀምጣ እንደ ጾመኛ ቴምር አንስታለች። «እማን እየፎገርኳት ነው» ትላለች በልቧ። ራሷን ጠልታለች፤ መጥላቷ ግን ጥሙን አልቀነሰላትም።

እናቷ ብኸይታ ልጇ መክሳቷን አይታ ዝም አላለችም። በየማታው ከርከዴውን፣ ያን ቀይ የአበባ መጠጥ፣ ስኳር አብዝታ ትሰጣታለች። «ጠጪ፣ ጾሙ ነው የጎዳሽ፤ አቅም ይሆንሻል።» ኢቲዳል ጭልጥ ታደርገዋለች። ወዲያው ደግሞ ይጠማታል።

የዚያን ቀን ክፍል ውስጥ ብድግ ስትል ዓይኗ ጨለመባትና ወደቀች። እናቷ ተጠርታ መጥታ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት።

«ልጄ ጾም ይዞ ከሳ» አለች ብኸይታ ለጤና መኮንኑ ለለገሰ። ቤት የሚወራው በርታኛ ስለሆነ አማርኛ ላይ ወንድና ሴቱ ይምታታባታል። «ጎበዝ ነው። አንድ ቀን አላፈረሰም።»

ለገሰ የልጅቷን ዓይን ገለጥ አድርጎ አየ። «ጾም ያደክማል፣ እናት። ማታ ማታ ውሃ በደንብ ትጠጣ» ብሎ ካርዱን ማጠፍ ጀመረ።

እንግዲህ ኢቲዳል ዝም ብትል አለቀ። ቤቷ ትገባለች፤ እናቷም ጎረቤት ፊት እንደኮራች ትኖራለች። ግን ወረፋ ሲጠብቁ ብቻ ሁለት ጊዜ ሽንት ቤት ሄዳለች፤ አሁንም ይዟታል። ልሞት ነው መሰለኝ፣ አለች በልቧ።

«አልጾምኩም» አለች።

«ምን አልሽ?» አለ ለገሰ።

«አንድም ቀን አልጾምኩም። ስጠጣ እውላለሁ፤ አልረካም። ሌሊት አምስቴ ለሽንት እነሳለሁ።» ወደ እናቷ ማየት አቃታት።

ለገሰ ካርዱን መልሶ ዘረጋ። ጣቷን ወጋና የደሟን ጠብታ ትንሿ መለኪያ ላይ አደረገ። አራት መቶ ስልሳ ስምንት፤ ከጤናማው ልክ ከሦስት እጥፍ በላይ። ሽንቷም ተመረመረ።

«የስኳር ሕመም ነው» አለ። «ስኳሩ ደሟ ውስጥ ሲበዛ በሽንት ይወጣል፤ ሲወጣም ውሃዋን ይዞባት ይሄዳል። የሚያስጠማት እሱ ነው። አሁኑኑ ሆስፒታል እልካችኋለሁ፤ በየቀኑ ኢንሱሊን ትወጋለች።»

«እስከ መቼ?» አለች ኢቲዳል።

«ዕድሜ ልክ» አለ ለገሰ።

ሌላም ብዙ አስረዳ። እሷ ግን ከዚያች ቃል ወዲያ አልሰማችም። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። የምትወጋባቸውን ቀኖች መቁጠር ጀምራ ተወችው።

ደጅ ባጃጅ ሲጠብቁ ብኸይታ ቀስ ብላ በበርታኛ ተናገረች። «በየማታው ያን ሁሉ ስኳር ያጠጣሁሽ በገዛ እጄ ነው።»

«በሽታውን ያመጣሽው አንቺ አይደለሽም፣ እማ።»

እናቷ አላመነቻትም። የታሸገ ውሃ ገዝታ ሰጠቻትና ሻርፗን አውልቃ ልጇ ራስ ላይ ጣል አደረገች። «ተሸፈኚና ጠጪ። ሰው እንዳያይሽ።» ከመንገዱ ማዶ ጎረቤቶቻቸው ከጁምዓ ሶላት እየተመለሱ ነበር።

ኢቲዳል ሻርፑን አውርዳ እናቷ ትከሻ ላይ መለሰችው። ክዳኑን ከፈተች። በቀትር ፀሐይ፣ ሰው እያያት ጠጣች። አልረካችም። ደግማ ጠጣች።