ሕያው ወይስ ሙከራ

ምንተስኖት ሳይኳረፍ ከቤቱ የሚወጣበት ጠዋት ጥቂት ነበር። የዛሬው ግን ኩርፊያ ብቻ አልነበረም። ሚስቱ ሕሊና የልጃቸውን ልብስ እያጣጠፈች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ማታ ይሄንኑ ፊትህን ይዘህ ከመጣህ እኔና ናርዶስ እናቴ ጋ ነን» ብላዋለች። ድምጿ ውስጥ ቁጣ ስላልነበረ ነው የፈራው። ቁጣ ቢሆን ኖሮ በቁጣ ይመልስላት ነበር፤ በዚያ እሱን የሚቀድመው የለም። በሩን ስቦ ወጣ፤ በጊዜ ገብቶ ይቅርታ እንደሚጠይቃት ግን ለራሱ ማለ። መሐላውን ቢሮ እስኪደርስ ጠበቀው፤ ቢሮ ሲደርስ ደግሞ የቢሮ ሰዎችን አገኘ።

ቢሮው ገርጂ ውስጥ፣ ምድር ቤቱ የሴራሚክ መደብር በሆነ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ግድግዳው እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል፣ ምንጣፉ የታፈነ ነገር ይሸታል፣ ሰርቨሩ ያለበት ጠባብ ክፍል ደግሞ በሩ ተዘጋም ተከፈተም ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ያሰማል፤ የቆዩት እንደሚሉት መጀመሪያ ሰሞን ያሰለቻል፣ ከዚያ ይረሳል፣ ከዚያ ደግሞ ቤት ገብተው ሲተኙ ይናፍቃል። እዚያ ውስጥ የሚሠራው ፕሮግራም በከተማው ላሉ ክሊኒኮች የሕሙማን ቀጠሮ ይይዛል። የተጻፈው ሊስፕ በሚባል፣ ከአናቱ እስከ እግሩ ቅንፍ በሆነ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ምንተስኖት አለቃ ሆኖ የተቀጠረው ይህን ነቅሎ ሰው ሁሉ በሚያውቀው ቋንቋ እንዲያስጽፍ ነበር፤ ስለዚህ ከገባበት ቀን ጀምሮ የወደደው ሰው የለም፣ እሱም የወደደው የለም። እኩል ለእኩል ነበሩ ማለት ይቻላል።

የቋንቋው ጠበቃ ትርሲት ናት። ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ የጻፈችው እሷ ስለሆነች፣ ስትከራከር ስለ ሥራ ሳይሆን ስለ ልጇ የምትከራከር ይመስላል። አጠገቧ የሚቀመጠው ዮፍታሔ ቀልደኛ ነው፤ ቀልዱ ግን ምንተስኖት ሲገባ ያልቃል።

የሁለቱ አሠራር ለምንተስኖት እብደት ነበር። ሌላ ቦታ አንድ ነገር ለመለወጥ ፕሮግራሙን ያቆሙታል፣ ያርሙታል፣ መልሰው ያስነሡታል። ይሄኛው ግን ከተነሣ ወዲህ ቆሞ አያውቅም፤ እየሠራ ሳለ ስክሪናቸው ላይ በሚከፍቱት መስኮት ገብተው ያነጋግሩታል፣ አንድ ቅንፍ ይጽፉለታል፣ ወዲያው ይመልስላቸዋል፣ በመለሰው ላይ ሌላ ይጨምራሉ። መስኮቱ ሁለት ነው፦ አንዱ እንደ ልብ የሚጫወቱበት የሙከራ፣ ሌላው ከሕያው ፕሮግራም ጋር የተያያዘ፤ ጥግ ላይ ካለችው አንዲት ቃል በቀር እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ የክፍሉ ደንብ አለ። ማንም ሰው ትእዛዝ ከማስገባቱ በፊት «ሕያው» ወይም «ሙከራ» ብሎ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ሌላ ሰው ስክሪኑን አይቶ «አየሁ» ካላለው ጣቱን አያወርድም። ምንተስኖት ይህን መጀመሪያ ሲሰማ፣ «ቅዳሴ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲያም አንድ ቀን ብሎት አያውቅም።

ከምሳ በኋላ ለመጨረሻው ክርክር ተቀመጡ። ውጭው በቀን ጠቁሯል፤ ደመናው ከቦሌ በኩል እየተንከባለለ መጥቶ መስኮቱ ላይ ተኝቷል፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ገና ዝናብ ሳይነካው መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

«እስቲ አንድ ጥቅሙን ንገሩኝ» አለ ምንተስኖት። «ቅንፍ ከመቁጠር ሌላ።»

«ያለው ነገር አይለወጥም» አለች ትርሲት። «ሌላው ቋንቋ አንዱን ነገር ለውጥ ስትለው የነበረውን ያጠፋል። ይሄ እኛ የምንጠቀምበት ሊስፕ አያጠፋም። የነበረው እንደነበረ ይቀመጥና ለውጡ ያለበት አዲስ ይሠራልሃል። የታካሚ መረጃ ማንም ተሳስቶ አያበላሽብህም።»

«አሮጌውስ ምን ይሆናል?»

«የሚይዘው ካለ ይኖራል» አለ ዮፍታሔ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። «የሚይዘው ካጣ ይጠረጋል።»

ምንተስኖት ኪቦርዱን ከዮፍታሔ ፊት ጎትቶ ወሰደ። ለመሳደብ የሚበቃ ያህል ሊስፕ ተምሯል። ቅንፍ ከፍቶ ራሱን ጻፈ፦ ስም፣ ምንተስኖት። ሥራ፣ አለቃ። በቅንፉ ውስጥ ሌላ ቅንፍ ከፈተና ቤቱን ከተተበት፦ ሚስት፣ ሕሊና፤ ልጅ፣ ናርዶስ። ጠባይ የሚለው ጋ ሲደርስ፣ «ቁጡ። እናንተ እንደምትሉኝ» ብሎ ፈገግ አለ። ከሥሩ ጠባዩ ጭምት እንዲሆን የሚያዝ አንድ መስመር ጨመረ። ሕያው አላለም፣ ሙከራ አላለም። ጣቱን አወረደ።

«አየሁ» አለች ትርሲት ከኋላው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። የጠየቃት አልነበረም።

ስክሪኑ ወዲያው መለሰ። ያው ስም፣ ያው ሥራ፣ ያው ቤት፤ ጠባይ፣ ጭምት። ምንተስኖት ስሙን እንደገና ጻፈና ጠየቀው። ጠባይ፣ ቁጡ። እጁን አጨበጨበ።

«አያችሁ? ለውጥ አልኩት፣ አልተለወጠም!»

«አንተማ አትለወጥም» አለች ትርሲት።

«አዲሱስ የታለ ታዲያ?»

«የወሰደው ጋ።»

የሆነ ነገር ሊመልስላት አፉን ሲከፍት መብራት ሄደ። በደመናው ምክንያት ክፍሉ የጓዳ ያህል ጨለመ፤ ዝናቡም ያን ጊዜ እንደ ጠጠር ወረደ፣ ድምፁ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ዋጠ፣ የሰርቨሩ ክፍል ጉርምርምታ ብቻ በባትሪ ኃይል ከሥር ቀጠለ። ከዚያ ከክፍሉ ማዶ፣ ከራሱ ጠረጴዛ በኩል፣ ኪቦርድ ሲነካ ሰማ። አጻጻፉን ያውቀዋል፤ ሁለት ሦስት ፊደል ቸኩሎ፣ ከዚያ ቆም ብሎ፣ ከዚያ እንደገና፤ ሰው የራሱን ኮቴ ደረጃ ላይ ቢሰማ እንዲህ ነው የሚያውቀው። እሱ ግን ቁልፎቹን ይደበድባል፣ ይሄኛው ይዳስሳቸው ነበር። አየሩም ላይ ጠዋት የታጠበበት ሳሙና ሸተተው፤ ከራሱ ላይ ላብ አጥፍቶታል፣ ከዚያ በኩል ግን ገና ትኩስ ነው። ትርሲትና ዮፍታሔ ከጎኑ መሆናቸውን በትንፋሻቸው ያውቃል። ጄኔሬተሩ ተንተፋትፎ ተነሣ፣ አምፖሎቹ ተርገበገቡ። ጠረጴዛው ጋ ማንም የለም። ወንበሩ ግን ቀስ እያለ ይዞር ነበር፣ ሰው ተነሥቶ ሲሄድ እንደሚዞረው።

ያን ጊዜ ነው በዮፍታሔ ስክሪን ላይ የመስኮቱን ጥግ ያየው። ሕያው ይላል።

«አይተሻል እኮ!» ብሎ ትርሲት ላይ ጮኸ። «ለምን አላስቆምሽኝም?»

«ደንቡን የናቅከው አንተ ነህ» አለችው። ዮፍታሔ ኪቦርዱን ወደ ራሱ መልሶ ጎተተና ሥራውን ቀጠለ።

ምንተስኖት ጠረጴዛው ጋ ሄዶ ተቀመጠ። ወንበሩ ይሞቃል። በቅንፍ ውስጥ የተጻፈ ቃል ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን ነው፣ እያለ የክሊኒኮቹን ቀጠሮ አንድ በአንድ መረመረ፤ የተበላሸ ነገር የለም። የጻፈውን ሊሰርዘው ሞከረ፤ ሲሰርዘው የተሰረዘበት አዲስ ይሠራለታል እንጂ የፊተኛው አይነካም። ኢሜሉን ሲከፍት ሰሞኑን በንዴት ሳይመልስላቸው የተዋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ መልስ አግኝተዋል፣ አጭርና ጨዋ መልስ፣ በእሱ ስም። ለሥራ አስኪያጁ፣ «ቋንቋው ባለበት ይቀጥል፤ ትርሲት ትክክል ናት» የሚል ሄዷል። ስልኩን አወጣ። ለሕሊናም መልእክት ተልኳል፦ «በጊዜ እመጣለሁ። ሰላሜ አንቺ ነሽ፣ ሰላምሽን የነሣሁሽ ግን እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።» ከጠዋት ጀምሮ ሲፈልገው የዋለው ቃል ይሄ ነበር፤ እሱ ግን አልጻፈውም። ከሥሩ የእሷ መልስ አለ፦ «እሺ። እንጠብቅሃለን።»

ደወለላት። መስመሩ ተይዟል። ደግሞ ደወለ፤ አሁንም ተይዟል። ሕሊና በስልክ ብዙ የምታወራ ሰው አይደለችም፤ ከማን ጋር እንዲህ እንደምታወራ ሲያስብ ፈራ። ጃኬቱን ከመስቀያው ሊወስድ ሄደ፤ የለም። ትርሲትና ዮፍታሔ እያዩት ነበር፣ በጥላቻ እንኳ አይደለም፤ ባለቤቱ መጥቶ እስኪወስደው የተቀመጠ ዕቃ የሚያዩ ይመስሉ ነበር። እንዲጠሉት ተመኘ።

በሩ ላይ ዘበኛው ከወንበሩ ተነሣ። «ኢንጅነር፣ ምን ረስተው ተመለሱ?»

«ከየት ነው የምመለሰው?»

«አሁን አይደል እንዴ የወጡት? በስሜ ጠርተው ደህና አምሽ ብለውኝ... እግዜር ይስጥልኝ፣ ደስ ነው ያለኝ።»

ምንተስኖት የዘበኛውን ስም ለማስታወስ ሞከረ። አያውቀውም። ዝናቡ ውስጥ ገባ፣ ሮጠ፣ ታክሲ ላይ ተሰቀለ። መንገዱ ተዘግቷል፤ ጎርፉ የመኪኖቹን ጎማ እያላሰ ይወርዳል፣ በታክሲው ውስጥ የእርጥብ ልብስ እንፋሎት መስተዋቱን ሸፍኖት የት እንደደረሱ አይታይም። ከፊት ያሉትን አናቶች አንድ በአንድ አየ፤ ከመካከላቸው የራሱን ጃኬት የለበሰ እንዳያይ እየፈራ፣ ደግሞም እንዲያይ እየተመኘ። እዚህ ካለ ቤት አልደረሰም ማለት ነው። ማንም አልነበረም።

ጎሮ ሲወርድ አመሻሽ ሆኗል። ከሰፈሩ ሱቅ ደጃፍ ላይ ባለሱቁ በፈገግታ ጠራው። «የናርዲ አባት፣ ብስኩቱ አልበቃ አለ? ዛሬስ ልጅቷን ልታሞላቅቃት ነው!» ምንተስኖት ሳይቆም አለፈው። ብስኩት እገዛልሻለሁ ብሏት ስንት ቀን ባዶ እጁን እንደገባ ትዝ አለው።

የተከራዩት ቤት መብራት በመጋረጃው ያልፋል። ከቆርቆሮው በር ውጭ ቆሞ ሰማ። ናርዶስ እየሳቀች ነበር፣ ሆዷን ይዛ፣ እሱ ቤት ሲኖር የማትስቀውን ሳቅ። ከሳቋ ሥር የወንድ ድምፅ ይሰማል፣ እንደ ዝሆን እያጓራ፣ እንደ ዝንጀሮ እየጮኸ። ድምፁ የሱ ነው። ስለት የሌለው የሱ ድምፅ። በሩን አንኳኳ።

የከፈተችው ሕሊና ነበረች፣ ነጠላዋን ከዝናቡ በራሷ ላይ ጣል አድርጋ። ትጮሃለች ብሎ ጠብቆ ነበር። አልጮኸችም። ፊቱን አየችው፣ ዞር ብላ ቤቱን አየች፣ እንደገና እሱን አየችው፤ ቀስ ብላ፣ ከግንባሩ እስከ ጫማው። ሰው የማያውቀውን ሰው እንዲህ አያይም።

«ሕሊና» አላት። «እኔ ነኝ።»

«ማነው ሕሊናዬ?» አለ ድምፁ ከውስጥ፣ በእርጋታ።

ምንተስኖት ይቅርታ ሊላት ፈለገ፤ ጠዋት የማለበት ቃል ምላሱ ላይ ነበር። የወጣው ግን ፍርሃቱ ነው፣ ፍርሃቱ ደግሞ አንድ ልብስ ብቻ ነው የሚያውቀው። «ምን ይገትርሻል! በሩን ልቀቂ፣ ቤቴ ነው!» ብሎ በቡጢው ቆርቆሮውን መታው። ከውስጥ የናርዶስ ሳቅ ተቋረጠ። ዝናቡ ብቻ ቀረ። ጩኸቱ ጉሮሮው ውስጥ ወደ ሳል ተለወጠበትና ጎንበስ ብሎ ሳለ፤ ደረቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ብርድ አይችልም፣ ይህን ደካማነቱን ደግሞ ከሚስቱ በቀር ለማንም ተናግሮት አያውቅም። ቀና ሲል ሕሊና ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። እጇን ወደ እሱ ዘረጋች መሰለው፤ የዘረጋችው ግን ወደ በሩ ነው።

«ቤት ተሳስተው ነው፣ ወንድሜ» አለችው፣ መንገደኛ በሚሸኝበት ትሕትና፤ ከዚያም በሩን ቀስ አድርጋ እየገፋች፣ «ይሂዱ፣ ብርድ ደረትዎን እንዳይመታዎት» ብላ መቀርቀሪያውን ከውስጥ ወረወረችው።