ሁለት አጭር ፉጨት

እኔ በጋኔን ምናምን የሚያምን ሰው ሲያጋጥመኝ ሆዴን ይዤ ነበር የምስቀው፣ እናቴ «በቀትር ወንዝ አትውረድ» ስትለኝ «እማዬ፣ ጋኔኑ እኔን ካየ ራሱ ነው የሚሸሸው» እላት ነበር፣ ከአራተኛ ክፍል የተባረርኩ ብሆንም ጭንቅላቴ ይሠራል፣ ያላየሁትን አላምንም። ስለዚህ የምነግርህን ስትሰማ ሰክሮ ነው እንዳትል፣ ፍልሰታ ነበር፣ እየጾምኩ ነበር።

ደርግ ጊዜ ነው። ከእንጦጦ ወደ ጉለሌ የሚወርደው ወንዝ በበጋ ዶሮ አያሰምጥም፣ በክረምት ግን ድንጋይ እያንከባለለ ነው የሚመጣው። እኔ ደግሞ ጎሚስታ ቤት የከባድ መኪና ከመነዳሪ፣ ያው የጎማውን ሆድ ዕቃ፣ አስነፋና እላዩ ላይ ቁጭ ብዬ በጣውላ እየቀዘፍኩ ከላይኛው ድልድይ እስከ ታችኛው እወርዳለሁ። በሰፈሩ ከእኔ ሌላ የሚችል የለም፣ አንድ የሞከረ ነበር፣ ሁለት ጥርሱን እዚያው ትቶ ነው የወጣው።

ግን እብድ አይደለሁም፣ ሳላይ አልገባም። የድልድዩ እግር ላይ ያሰመርኩት መስመር አለ፣ ውሃው ከሱ ካለፈ ቀረሁ። ግንድ ወርውሬም የት እንደሚሰምጥ የት እንደሚወጣ አያለሁ። ዋናው አደጋ ግን ከላይ ያለው ነው፣ እኛን ፀሐይ እየጠበሰን እንጦጦ ላይ ዶፍ ሊወርድ ይችላል፣ ጎርፉ ድንገት ነው የሚደርስብህ። ተስፉ የሚያስፈልገኝ ለዚህ ነበር።

ተስፉ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጅ ነው፣ የልጅነት ጓደኛዬ፣ አንድ ጋቢ ለብሰን ያደርን ነን። ከዳገቱ መታጠፊያ ኋላ ትልቅ ድንጋይ አለ፣ እዚያ ወጥቶ ተራራውን ያይልኛል፣ ዝናብ ካለ አንድ ረጅም ፉጨት፣ ሰላም ከሆነ ሁለት አጭር። የፊት ጥርሱ ፍንጭት ስለሆነ ፉጨቱ መጨረሻ ላይ ሽው ትላለች፣ የትም ብሰማት እለያታለሁ።

ዳገቱን ሲጀምር ሁሌ «ጓድ አድሚራል፣ ነፍስህ በፍንጭቴ ናት!» ይለኝና ይሰወራል፣ ትንሽ ቆይቶ ፉጨቱ ይመጣል፣ እገባለሁ። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ነው። ሁለት ቀን ደግሞ ረጅሙን ሰምቼ ቀረሁ፣ እመነኝ፣ ወዲያው ጎርፉ ዛፍ ነቅሎ አለፈ።

የዚያን ቀን ቀትር ላይ ተስፉ እንደ ልማዱ ወጣ። ውሃው ከመስመሬ በታች ነው። ግንዱን ብወረውረው ግን ትንሽ ሄዶ መሃል ላይ ቆመ፣ ውሃው እየሄደ እሱ ቆመ፣ ከሥር የያዘው ያለ ይመስላል። ድንጋይ ይዞት ነው አልኩ። እንቁራሪቶቹም ጭጭ አሉ። ከዚያ ሁለት አጭር፣ ሽው። ግን ከላይ አይደለም፣ ከማዶ፣ ከእኔ አሥር እርምጃ ከማይርቅ ቁጥቋጦ።

«ተስፉ፣ ምን ልትሠራ ወረድክ?» አልኩ። እንደገና ሁለት አጭር፣ ቶሎ ቶሎ፣ እንደሚያጣድፍ ሰው።

ገባሁ።

ግማሽ ሳልደርስ ከኋላዬ መሬቱ አጓራ፣ ጎርፉ ደረሰብኝ። ከመነዳሪው ፈነዳ፣ እኔ አንድ የባሕር ዛፍ ሥር ላይ ተንጠለጠልኩ። እና ስማ፣ እጄ እየከዳኝ ሳለ፣ ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል፣ ከውሃው ውስጥ፣ ሁለት አጭር ሰማሁ። ልቀቀው፣ ሰላም ነው እንደማለት።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ደሜ እየፈሰሰ፣ በአንድ እግር ጫማ፣ ተስፉን ልገለው ሽሮ ሜዳ ሄድኩ። ተስፉ ሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከቶ መወርወሪያውን ያመላልሳል።

«ጋሼ፣ ልጅዎ ሊገለኝ ነበር!» አልኳቸው አባቱን። «ጎርፍ እየመጣ ሰላም ነው ብሎ አፏጨልኝ!»

«የኔ ልጅ? ቀትር ላይ ለአፍታ ወጥቶ ነው የተመለሰው፣ ክረምቱን ሙሉ እንዲሁ ነው። የእንቁጣጣሽ ሥራ ደርሶብን የት ይሄዳል?»

ተስፉ አቀረቀረ።

«ድንጋዩ ላይ አልወጣህም?»

«አልወጣሁም።»

«ዛሬ?»

«አንድም ቀን። በመታጠፊያው ዞሬ ቤቴ ነው የምገባው።»

«አንተ! ነፍሴን ሰጥቼህ?»

«ውሃ ራሱ ይፈራኛል ስትል አይደል የምትውለው? ብኖርም ባልኖርም የምትገባ መስሎኝ። ጉራህን አምኜ ነው።»

«ማታ ማታ ፉጨትህ አንደኛ ነው ስልህስ?»

«አውቀህብኝ የምታሾፍብኝ መስሎኝ» አለ፣ ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ቆይ... የምን ፉጨት?»

አለቀስኩ፣ አልዋሽህም። ከዚያ ወዲህ ተስፉን አላናገርኩትም። ግን የሱ ክህደት ይገባኛል፣ የአባቱ ሥራ ነው፣ ስንፍና ነው፣ በቃ። ሲያፏጭልኝ የከረመው ያኛው ነው የማይገባኝ። ክረምቱን ሙሉ እስከዚያ ቀን አንዴም አልዋሸኝም፣ ሁለቴ ከሞት አትርፎኛል፣ ከተስፉ በላይ ታምኖልኛል። ሲያስለምደኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት እኛ ግቢ፣ ከወንዙ ሩቅ፣ በቀትር እጄን ስታጠብ ከአጥሩ ኋላ ሁለት አጭር ሰማሁ፣ ሽው። ፉጨቱ አይደለም ያስደነገጠኝ። እግሬ ነው፣ ሳላዘው ወደ ፉጨቱ ተነሳ።