ደወሉ ሳይጠራ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሁሉም ስልክ እንደ ዘወትሩ ቅርጫት ውስጥ ገባ። በቤቱ የግድግዳ ሰዓት አልነበረም። መዝገበ ቃላት አዘጋጁ ክፍሉ ሲገባ ሚስቱ በሩን ከውጭ ቆለፈችበት፤ ቁልፉን ምስማሩ ላይ ሰቅላ ኮሪደሩ ላይ ያለውን የኩሽና ደወል ሃያ አምስት ደቂቃ ላይ ሞላችው። ሃያ አምስት ደቂቃ ሥራ፣ አምስት ደቂቃ በረንዳ ላይ ዕረፍት።

ቆልፉብኝ ያለው ራሱ ነው። «እግሬ ሥራ ፈት ነው» ይል ነበር። «ደወሉ ሳይጠራ ብለምናችሁም እንዳትከፍቱልኝ።» አንድ ቀን አዝና ብትከፍትለት ሦስት ቀን አኩርፏታል።

በሁለተኛው ዕረፍት አራቱም በረንዳ ላይ ተቀመጡ። አዘጋጁ ለመጽሐፉ ሥዕል የሚሥለውን ታናሽ ወንድሙን «ያንተ ዝሆን አሳማ መስሏል» አለው። ወንድሙ «ሞዴሉ አንተ ነህ» ብሎ መለሰ። ዐሥራ አንድ ዓመት ከቤታቸው የኖረውና መዝገበ ቃላቱን አብሮት የሚሠራው ተማሪው ሁሉንም አሳቀና ውሃ ሊጠጣ ቀድሞ ገባ።

በሦስተኛው ዙር በሩ ከውስጥ ተንኳኳ። ሚስቱ ወጥታ ደወሉን አየች። ተማሪው ከክፍሉ ብቅ አለና ፈገግ እያለ «እትዬ፣ ስምንት ደቂቃ እኮ ነው የቀረው። ኋላ ያኮርፋሉ» አላት። ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ደወሉ ጠርቶ ስትከፍት ባሏ በሩ ሥር ወድቆ ነበር። አስም ነበረበት። ከጠረጴዛው የማይለየው የሚነፋ መድኃኒቱ የለም።

ከፖሊስ የመጣው መርማሪ ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ከሟቹ ክፍል መደርደሪያ ጀርባ ቫርኒሽ የጠጣ ጨርቅ አገኘ።

«የእኔ ነው» አለ ወንድምየው፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «ለሥዕሎቹ የምጠቀምበት። ግን እዚያ ማን እንዳስገባው አላውቅም። ሽታው እንደማይስማማው እያወቅኩ?»

መርማሪው ሚስቲቱን ጠየቃት። «እርስዎ ምን ይሠሩ ነበር?»

«የተተየበውን ረቂቅ አነባለሁ፤ ስህተት አርማለሁ። በአንድ ዙር አምስት ገጽ።»

«ዛሬስ?»

ወረቀቶቿን ቆጠረች። «አምስት፣ አምስት፣ ከዚያ... ሰባት።» ቀና አለች። «አልከፈትኩለትም። ገደልኩት ማለት ነው?»

መርማሪው ተማሪውን አስጠራ።

ተማሪው በእንባ ታጥቦ ነው የቀረበው። «እትዬ ላይ እንዳይፈርዱ። ሕጉን ያወጡት ጋሼ ራሳቸው ናቸው። ምስኪን፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ እዚያ ታፍነው...»

«ለመሆኑ መጽሐፉ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«አርብ ለአሳታሚው ሊያስረክቡ ነበር» አለ፤ እንባውን በእጅጌው ጠረገ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው ሦስቱን በረንዳው ላይ ሰበሰባቸው። ደወሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ይህ ዕቃ እየሠራ ወደ ኋላ ሊጠመዘዝ ይችላል» አለ። «ዛሬ ዐሥር ደቂቃ ተጨምሮበታል። እሜቴ በአምስት ደቂቃ አንድ ገጽ ያነባሉ፤ ሰባት ገጽ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው። አምቡላንስ የጠሩት በሦስት ሰዓት ከሠላሳ ስድስት ነው፤ ሦስተኛው ዙር ግን በሦስት ከሃያ አምስት ማለቅ ነበረበት።»

«ታዲያ የጨመረው ማን ነው?» አለ ወንድምየው።

«እሳቸው ቢሆኑ ሰባቱን ገጽ በአፋቸው አይነግሩኝም። አንተም የራስህን ጨርቅ አስቀምጠህ አትሄድም፤ ያ ስምህን ጽፎ እንደ መተው ነው። ስንት ደቂቃ ተቆልፎበት ነበር ብዬ ስጠይቅ ሁለታችሁም ሃያ አምስት አላችሁኝ፤ የምታውቁት እሱን ነዋ። ከግማሽ ሰዓት በላይ ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ተማሪው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«ሻንጣህ ውስጥ ከሌላ አሳታሚ የመጣ ደብዳቤ አለ። መዝገበ ቃላቱን በስምህ ተቀብሎታል። አርብ ሁለት አሳታሚ አንድ መጽሐፍ ሊይዝ ነው፤ ጋሼህም ሊያውቅ ነው። በሁለተኛው ዕረፍት ጨርቁን አስገባህ፣ መድኃኒቱን ወሰድክ። በሩን እሳቸው ቆለፉልህ።»

«ሲያንኳኩ ይከፍታሉ ብዬ ነበር» አለ ተማሪው ቀስ ብሎ፣ ወደ እሷ ሳያይ። «እትዬ ቢከፍቱ ኖሮ...»

ወንድምየው ብድግ አለ። እሷ ክንዱን ይዛ አስቀመጠችው።

«ልከፍት ወጥቼ ነበር» አለች። ድምጿ አልተለወጠም። «ስምንት ደቂቃ ቀርቷል ያልከኝ አንተ ነህ። ፈገግም አልክልኝ።»

መርማሪው ወደ እሷ ዞረ። «እሜቴ፣ ባለቤትዎ ሲያንኳኳ ደወሉ ሊጠራ ከሚገባው ሁለት ደቂቃ አልፎ ነበር። የጠበቁት የተሰረቀ ጊዜ ነው።»

ተማሪውን ወሰዱት። ከአጥሩ በር ሲወጣ እንደ ልማዱ ዞር ብሎ አያት፤ እሷም እንደ ልማዷ እጇን ልታነሣ ነበር፣ ተወችው።

የባሏ ክፍል ገብታ መስኮቱን ከፈተች። እያንዳንዱን ዙር ሲጨርስ በእርሳስ መስመር የሚያሰምርበት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነው።

ሁለት መስመር አለ። ሦስተኛው የለም።