የሰባት ቀን መድኃኒት

ስጦታው ብሩክታይትን መጀመሪያ ያያት ቀን ድምፅ አልነበረውም። እውነቴን ነው፣ ጭራሽ አልነበረውም! የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ረዳቱ ስለቀረበት ቢቸና መናኸሪያ «ሞጣ! ሞጣ!» እያለ ራሱ ሲጣራ አርፍዶ ጉሮሮው ተዘግቷል። መኪናው ሊሞላ አንድ ሰው ሲቀረው አንገቷን በሻርፕ የጠቀለለች ልጅ መጣችና ጋቢና መግባት ትችል እንደሆነ ጠየቀችው። አፉን ቢከፍት አንዲት ቃል አልወጣችም። ያሾፈባት መስሏት ተቆጣች። በእጁ ጉሮሮውን ሲያሳያት ግን ሳቀች፤ በዚያች ሳቅ ሰውዬው አለቀለት።

ብሩክታይት ቢቸና አስተማሪ ነች። ያን ቀን ሞጣ አክስቷን ለመጠየቅ ነበር የምትሄደው። እሷም ጉሮሮዋን ታማ፣ ትኩሳት ጥሏት፣ ምራቅ መዋጥ አቅቷት ነበር የሰነበተችው። ጤና ጣቢያ የአሥር ቀን እንክብል ሰጥተዋት በሦስተኛው ቀን ተሻላት። ሞጣ ሲደርሱ የተረፈውን ከቦርሳዋ አውጥታ እጁ ላይ አኖረችለት።

«እኔ ድኛለሁ፤ አንተ ጨርሰው» አለችው።

ስልኳን በወረቀት ጽፋ ሰጠችው። ድምፁ ሲመለስ መጀመሪያ የደወለው ለእሷ ነው። ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ ሽማግሌ ተላከ፣ ቀለበት ታሰረ፣ ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። እናቱ ወይዘሮ ፈንታነሽ ያላቸው ልጅ እሱ ብቻ ነውና ገና ሳይጋቡ የልጅ ልጅ ስም ማውጣት ጀምረው ነበር።

በኅዳር ብሩክታይት ቀለበቱን በወንድሟ እጅ ላከችለት። ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፣ አትምጣብኝ፣ ከዚህ ሌላ ቃል የለም። ቢደውል አታነሳም፤ ደጇ ቢቆም አትወጣም።

ይባስ ብሎ ሌሎች ሾፌሮች አንድ ነገር ነገሩት። ልጅቷ በየአራት ሳምንቱ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ የእሱን መኪና እየሸሸች፣ ሞጣ ትመላለሳለች። ሞጣ ሰው ይዛለች ብሎ ደመደመ። ቅናት እንቅልፍ ነሳው።

አንድ ማክሰኞ ሞጣ ላይ ከኋላዋ ተከተላት። የሚሰድባትን ስድብ ሁሉ አዘጋጅቶ ነበር። እሷ ግን ሦስት ጊዜ እየቆመች፣ ደረቷን ይዛ እየተነፈሰች፣ ሆስፒታል ገባች። ስድቡ አፉ ውስጥ ቀረ።

መርፌ ክፍሉ በር ላይ ሲስተር ዘሚራ ወረፋ ለያዙት ታካሚዎች እያስረዳች ነበር። የጉሮሮ ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም ትላለች። ከጉንፋን ወይም ከጩኸት የመጣው እንክብል አይፈልግም፤ ለብ ባለ የጨው ውሃ መጉመጥመጥ፣ ትኩስ ነገር መጠጣት፣ ድምፅን ማሳረፍ ነው መድኃኒቱ፤ በቀናት ውስጥ በራሱ ይተዋል። ሳል ሳይኖረው ትኩሳት ያለው፣ ቶንሲሉ መግል የያዘ፣ አንገት ሥር የሚያሳብጥ ግን መመርመር አለበት። መድኃኒት ከታዘዘም ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ የለም። ሳይጨርሱት ቢቀር መገጣጠሚያ ሊይዝ፣ ከዚያም ልብ ሊጎዳ ይችላል።

«እናንተን በየወሩ የምንወጋችሁ ልባችሁ ከዚህ በላይ እንዳይጎዳ ነው» አለች።

ስጦታው ከወረፋው ኋላ ቆሞ ሁሉንም ሰማ። የእሱ ጉሮሮ የጩኸት ነበር። ሁለት ቀን ዝም ቢል ይድን ነበር። ለምንም ሳይጠቅመው የሷን የሰባት ቀን መድኃኒት ውጦ ጨርሷል።

ብሩክታይት ተወግታ ስትወጣ አየችው፤ አልሸሸችም። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እንክብሉን በሰጠችው ሰሞን ጉልበቷ ሲያብጥ ብርድ ነው ብላ ዝም እንዳለች፣ ደም የሚያሳልፈው የልቧ ቫልቭ እንደተጎዳ፣ ብታረግዝ ልትሞት እንደምትችል ሐኪም እንደነገራት አጫወተችው። ሞጣ የምትወጋውም ቢቸና ሰው አይቶ እንዳይነግረው ነበር።

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«እንክብሉ ትዝ እንዳይልህ።»

«ልጅ ይቅርብኝ። ለእናቴም እኔው እነግራታለሁ። አንቺ ብቻ...»

ወደ እሱ ዞረች። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ደስ ብሎኝ ነው የሰጠሁህ። ዛሬም እወድሃለሁ። ግን አላገባህም፣ ስጦታው። በተነፈስኩ ቁጥር እንዲህ እያየኸኝ መኖር አልችልም። አሁንም እንደዚያ እያየኸኝ ነው።»

ፊቱን ሊለውጥ ሞከረ፤ አቃተው። አለቀሰ። አንድ ነገር ብቻ ለመናት፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ሌላ መኪና እንዳትሳፈር። እሺ አለችው።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆናቸው። በየአራት ሳምንቱ ጋቢናው የእሷ ነው። ብዙም አያወሩም። ባለፈው ወር ከኋላቸው አንዲት ተማሪ፣ ድምፁ ለጎረነነ ጓደኛዋ እንክብል ስታወጣ ስጦታው በመስታወቱ አየ። እኔን ተሽሎኛል፣ አንተ ውሰደው ትለዋለች። መንገዱ መሃል ፍሬን ያዘ።

«አንቺው ጨርሺው! በማርያም፣ ራስሽ ጨርሺው...»

ተሳፋሪው አበደ ብሎ አጉረመረመ። ልጅቷ ደንግጣ እንክብሉን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች። ስጦታው ማርሹን ጨብጦ መንቀሳቀስ አቃተው። ብሩክታይት እጇን እጁ ላይ ጫነች፤ ከዚያ አግዳሚ ወንበር ወዲህ ስትነካው የመጀመሪያዋ ነው።

«ሂድ በቃ፣ ሰዉ ይጠብቃል» አለችው በቀስታ።

ሞጣ እስኪደርሱ እጇን አላነሳችም። ከሰዓት ቢቸና መልሶ አደረሳት። ወርዳ፣ ቆም እያለች፣ ወደ ቤቷ አቀበቱን ወጣች። በሩን እስክትዘጋ ጠበቃትና ባዶ ጋቢናውን ይዞ ወደ ሞጣ ተመለሰ።