የካፒቴን አረጋዊ ግራ ጫማ

ማመን ያቃተው ይተወው። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው።

ነሐሴ 1977፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጥግ ላይ፣ በመካኒኮች ዕቃ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ትንሿ አውሮፕላናችን ውጭ ቆማለች፤ መድኃኒት ጭና ወደ ክፍለ ሀገር ልትሄድ ነው።

በዚያ ክረምት የነዳጅ በርሜሎቻችን ውስጥ ውሃ ይገባ ነበር። ስለዚህ ከበረራ በፊት ከአውሮፕላኗ ነዳጅ በብርጭቆ ቀድተን እናያለን። ውሃ ካለ ከሥር ይዘቅጣል።

ሰኞ ጠዋት ግን የፖለቲካ ውይይት ክበብ አለ። የቀረ ሰው ጉዱ ይፈላል። ስለዚህ «ተፈትሿል» የሚለውን ፎርም እሁድ ማታ ፈርመን እናድር ነበር፤ ብርጭቆውን ጠዋት እንደርስበታለን ብለን።

እኔም ፈርሜ ነበር።

ባዶውን ብርጭቆ ሳነሳ፣ በሩ ላይ አብራሪያችን ካፒቴን አረጋዊ ቆሟል።

ከላይ እስከ ታች በስብሷል። ውጭ ግን ዝናብ የለም...

ግራ እግሩ ባዶ ነው። ጭቃ በጭቃ።

«ዘርአይ...» አለኝ በሹክሹክታ። «ብርጭቆውን አየኸው?»

«አሁን ልቀዳ ነው። ምን ሆኑ ካፒቴን?»

«እየው...»

«ዘርአይ!» ካድሬያችን ጓድ ወልደጻድቅ ነው፣ በመስኮቱ በኩል። «ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆነህ ሕዝብ ታስጠብቃለህ?»

ዞር ብዬ ስመለስ በሩ ላይ ማንም የለም።

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ትቼ፣ ክፍሉን ቆልፌ ወጣሁ።

የውይይቱ አዳራሽ ውስጥ ካፒቴን አረጋዊ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ደረቅ ነው። ሁለቱም ጫማዎቹ ተወልውለዋል።

ጆሮው ሥር ጎንበስ አልኩ። «ካፒቴን... አሁን ዕቃ ክፍል መጥተው አልነበረም?»

«እኔ? ከቤቴ መድረሴ ነው።»

«ሳልፈትሽ እንዳይነሱ።»

«ፈርመሃል እኮ!» ብሎ ሳቀ።

«እሱማ የትናንት...»

«ሹክሹክታ ይቁም!» አለ ወልደጻድቅ።

ካፒቴኑ ለበረራ ተፈቅዶለት ወጣ።

እጄን አነሳሁ። «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ!»

«ከአጀንዳ ውጭ ነው።»

ደግሜ አነሳሁ። «ጓድ፣ አውሮፕላኗ አልተፈተ...»

«አንተ ጻፍ!»

ጻፍኩ።

እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚያሳርረው ይሄ ነው። በሩ አምስት እርምጃ አይሞላም። እኔ ግን ቁጭ ብዬ ቃለ ጉባኤ ጻፍኩ!

ሞተሯ ሲጮህ ሰማን። ከመሬት ለቀቀች... ሳል ሳል አደረጋት...

ዝም አለች።

ከማኮብኮቢያው ወዲያ፣ ዛሬ ፎቅ የሞላበት ቦታ ያኔ የጤፍ ማሳ ነበር። እዚያ ስንደርስ አቶ ሰቦቃ የተባሉ ገበሬ ካፒቴኑን ውሃ ከሞላ ቦይ ውስጥ አውጥተው አስተኝተውታል። ትንፋሽ የለውም።

ከላይ እስከ ታች በስብሷል። ግራ እግሩ ባዶ ነው።

«አንድ ጫማ የለውም፣» አሉኝ ጭቃውን እየዳበሱ። «ፈልገን ፈልገን አጣን፣ ልጄ።»

ወደ ዕቃ ክፍሌ ሄድኩ። ቁልፉ ከኪሴ አልወጣም ነበር። ከፈትኩ።

ባዶውን የተውኩት ብርጭቆ ሞልቷል። ከላይ ነዳጅ... ከሥር ሁለት ጣት ውሃ።

አጠገቡ አንድ የግራ ጫማ አለ። የተወለወለ። ክሩ እንደታሰረ። ጠብታ ጭቃ ያልነካው።

እጄን ወደ ውስጥ ሰደድኩ...

ገና አሁን እግር እንደወጣበት ይሞቃል።